ኩርባው የተቆራረጠውን መስመር ካቋረጠ አሲምፕቶትነቱ ይቀራልን? ሊሚትን ከግራፍ ላይ ስለ ማንበብ

የሽምብጧ ተማሪ፣ ባሕር ዳር

ለውይይቱ ተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስሆን፣ ለፈተና አብረን ከምንዘጋጅ ጓደኞቼ ጋር በአንድ ጥያቄ ላይ መስማማት ስላልቻልን የሚያውቁ ሰዎች እንዲያስረዱን ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። ጥያቄው ቀመር አይሰጥም፤ የቀረበው ግራፍ ብቻ ነው። ምስሉን መለጠፍ ስላልተቻለኝ በቃላት ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በግራፉ ላይ ሁለት የተቆራረጡ መስመሮች ተሰምረዋል፤ አንዱ ኤክስ = −1 ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን ሌላው ዋይ = 2 ላይ የተጋደመ ነው። ከቆመው መስመር በስተግራ ያለው ኩርባ ከተጋደመው መስመር ሥር ሥሩን መጥቶ ወደ −1 ሲቃረብ ቁልቁል ይወርዳል። በስተቀኝ ያለው ኩርባም ከታች ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣና (0፣ −6) ላይ ያልፋል፤ ኤክስ = 1 ላይ የተጋደመውን መስመር ያቋርጣል፤ (3፣ 3) ላይ ከፍተኛው ቦታ ሲደርስ ግን ባዶ ክብ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ተጋደመው መስመር ይመለሳል። ከባዶው ክብ በታች፣ (3፣ 1) ላይ፣ ለብቻው የተቀመጠ ጥቁር ነጥብ አለ። ሥዕሉ ኤክስ = 8 አካባቢ ያበቃል።

ያላግባባን ይህ ነው። አንደኛው ጓደኛችን ኩርባው ዋይ = 2ን ስላቋረጠ መስመሩ አሲምፕቶት (ኩርባው እየተጠጋው የሚሄድ መስመር) ሊሆን አይችልም ይላል። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ያለው ሊሚት፣ ማለትም የኩርባው ከፍታ የሚጠጋው ቁጥር፣ 3 ነው ወይስ 1 በሚለውም ተከራክረናል። ኤክስ ወደ −1 ሲጠጋስ «−∞» ብለን እንጻፍ ወይስ «ሊሚት የለም» እንበል? በመጨረሻም፣ እስከ 8 ብቻ የተሣለ ግራፍ አይተን ኩርባው ከዚያ ወዲያ ወደ 2 እንደሚጠጋ በምን እርግጠኛ እንሆናለን? ምላሽ ለሚሰጡን ሁሉ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።


ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር

ልጄ፣ ግራፉን በጥንቃቄ ስለገለጽሽው ለመመለስም ይመቻል። የክርክራችሁ ሁሉ ምንጭ አንድ ስለሆነ ከእርሱ ልነሣ። «አሲምፕቶት ማለት ግራፉ የማይነካው መስመር ነው» የሚለው አነጋገር በየክፍሉ ይሰማል፤ የ1 ÷ ኤክስ ግራፍም ይህን የሚያረጋግጥ ስለሚመስል ተማሪው ይዞት ይቀራል። ትርጉሙ ግን ስለ መንካትና ስለ አለመንካት የሚናገረው ነገር የለም። ዋይ = 2 አግድም አሲምፕቶት ነው ስንል፣ ኤክስ ያለ ገደብ ወደ ቀኝ ወይም ያለ ገደብ ወደ ግራ ሲርቅ በኩርባውና በመስመሩ መካከል ያለው ርቀት ወደ 0 ይጠጋል ማለታችን ነው። መስመሩ ስለ ዳርቻው ስለሚናገር፣ ኤክስ = 1 ላይ የተደረገው መቋረጥ አሲምፕቶትነቱን አይነካውም። እንዲያውም 2 + (ሳይን ኤክስ ÷ ኤክስ) የሚለውን ፈንክሽን ብትሥዪ ኩርባው ዋይ = 2ን ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ እየተመላለሰ ሲያቋርጠው ታያለሽ፤ ያም ሆኖ ሳይን ከ−1 እስከ 1 ባለው መካከል ስለሚወሰን፣ በኤክስ ሲካፈል ውዝዋዜው እየጠበበ ይሄዳልና ዋይ = 2 ያለ ጥርጥር አሲምፕቶቱ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንድታዪው ከገለጻሽ ጋር የሚስማማ አንድ ቀመር ላስቀምጥ፤ የጥያቄው አዘጋጅ የተጠቀመው ይኸው ነው ለማለት ግን አይደለም፤ ያንኑ መልክ የሚሰጡ ሌሎችም ቀመሮች ይኖራሉ።

ኤፍ(ኤክስ) = 2 + 8(ኤክስ − 1) ÷ (ኤክስ + 1)²፤ ይህም ኤክስ ከ3 ሲለይ ነው፤ ኤክስ 3 ሲሆን ደግሞ ኤፍ(3) = 1 ይሁን።

ኤክስ 1 ሲሆን ሁለተኛው ክፍል 0 ስለሚሆን ኩርባው ዋይ = 2ን እዚያው ያቋርጣል። ከዚያ በኋላ ግን የኩርባው ከፍታ ኤክስ = 7 ላይ 2.75፣ ኤክስ = 19 ላይ 2.36፣ ኤክስ = 99 ላይ 2.0784 ነው። በግራ በኩልም ኤክስ = −5 ላይ −1 የነበረው፣ ኤክስ = −9 ላይ 0.75፣ ኤክስ = −101 ላይ 1.9184 ይደርሳል። ስለዚህ በቀኝ ዳርቻ ከላይ፣ በግራ ዳርቻ ከታች ሆኖ ወደ 2 ይጠጋል፤ ሁለቱም ሊሚቶች 2 ናቸው።

ወደ 3 ስንመጣ፣ ሊሚቱ 3 ነው፤ የፈንክሽኑ ዋጋ ደግሞ 1 ነው። እነዚህ የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ መልሳቸው ቢለያይ አያስደንቅም። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የምመክረው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ቀድደሽ ኤክስ = 3 ላይ ከላይ እስከ ታች አስቀምጪና ነጥቡንም ባዶውን ክብም ሸፍኚ። ከዚያ ከወረቀቱ ግራና ቀኝ የሚታየውን ኩርባ ብቻ ተመልክተሽ፣ ሁለቱ ወገኖች በየትኛው ከፍታ ላይ ሊገናኙ እንደሚያመሩ ጠይቂ። ኤክስ = 2.9 ላይም ሆነ ኤክስ = 3.1 ላይ ከፍታው 2.999 ገደማ ነው፤ የተሸፈነው ጥቁር ነጥብ 1 ላይ ቢሆን፣ 100 ላይ ቢሆን ወይም ጭራሹን ባይኖር ይህ አይለወጥም። ወረቀቱን ስታነሺ የምታገኚው የኤፍ(3)ን መልስ ነው። ሁለቱ ስላልተስማሙም ፈንክሽኑ ኤክስ = 3 ላይ ቀጣይ አይደለም ይባላል፤ ይህ ግን አሲምፕቶት አያሰኘውም፤ በግራፉ ላይ የተገኘ ቀዳዳ ነው።


ፔዳ ግቢ፣ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተማሪ

መምህራችን የተናገሩትን ሳልደግም ስለ ኤክስ = −1 ብቻ ልጨምር፤ እኛም በመጀመሪያ ዓመት ካልኩለስ ስንማር ብዙ የተከራከርንበት ነጥብ ነውና።

በመምህራችን ቀመር ኤክስ = −0.9 ላይ የፈንክሽኑ ዋጋ −1518 ነው፤ ኤክስ = −1.1 ላይ ደግሞ −1678 ነው። ከሁለቱም ወገን ቁልቁለቱ ማብቂያ ስለሌለው «ኤክስ ወደ −1 ሲጠጋ ሊሚቱ −∞ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ኢንፊኒቲ ቁጥር ስላልሆነ ፈንክሽኑ የሚጠጋው አንድ ቁጥር አለ ማለት አይቻልም። ስለዚህ «ሊሚቱ እንደ ቁጥር የለም» ያለው ጓደኛችሁም «−∞» ያለውም እውነት ተናግረዋል፤ ልዩነቱ ሁለተኛው ሊሚቱ የሚጠፋበትን መንገድ ጭምር መግለጹ ነው። በምርጫ ጥያቄ ላይ ሁለቱም አብረው ቢቀርቡ፣ ብዙ የሚናገረውን −∞ መምረጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የክፍል መምህራችሁ የተለየ ሥርዓት ካስያዛችሁ ግን በእርሱ ተመሩ።

ከዚህ የሚለየው የ1 ÷ ኤክስ ጉዳይ ነው። እዚያ ኤክስ ወደ 0 ሲጠጋ ከቀኝ በኩል +∞፣ ከግራ በኩል −∞ ስለሆነ በአንድ ምልክት ጠቅልሎ መጻፍ አይፈቀድም፤ የሁለቱን ወገን ሊሚቶች ለየብቻ ጽፎ የሁለትዮሹ ሊሚት የለም ማለት ብቻ ነው የሚቻለው። ሊሚት የሚጠፋበት ሌላም መንገድ አለ፤ ሳይን(1 ÷ ኤክስ) ኤክስ ወደ 0 ሲጠጋ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሸሽ፣ በ−1 እና በ1 መካከል እየተመላለሰ ስለሚቀር አንድም መዳረሻ አይኖረውም። እዚህ ሊሚትም የለም፣ አሲምፕቶትም የለም። ብዙ ተማሪ «ሊሚት የለም» የሚለውን ሲያነብ ወዲያው ቀጥ ያለ የተቆራረጠ መስመር ስለሚሥል ይህን ምሳሌ ማስታወስ ይጠቅማል።


ፖሊ ግቢ፣ የምሕንድስና ባለሙያ

ከአራቱ ጥያቄዎች መካከል ከባዱ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ግራፍ ዘወትር በአንድ መስኮት በኩል የሚታይ ነገር ነውና። እስከ 8 የተሣለ ኩርባ ከ8 ወዲያ ምን እንደሚያደርግ በራሱ ማረጋገጫ ሊሰጥ አይችልም። በፈተና ወረቀት ላይ አዘጋጁ የተቆራረጠ መስመር ሲያሰምርና በኩርባው ጫፍ ላይ ቀስት ሲያደርግ «ያየኸው አካሄድ በዚሁ ይቀጥላል» ብሎ ቃል እየገባልን ነው፤ መልሱን የምንሰጠው በዚያ ቃል ተማምነን ነው። ቀመር ካለ ግን ቃሉን ራሳችን መመርመር እንችላለን፤ የመምህሩን ቀመር ዘርዝራችሁ (2ኤክስ² + 12ኤክስ − 6) ÷ (ኤክስ + 1)² ብትጽፉት፣ በላዕሉና በታህቱ (በተካፋዩና በአካፋዩ) ያሉት ከፍተኛ ፓወሮች እኩል ስለሆኑ የኮፊሸንቶቻቸው (የተባዙባቸው ቁጥሮች) ድርሻ 2 ÷ 1 = 2 ይሆናል።

ዓይን ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል ለማየት በስልካችሁ ላይ በጂኦጀብራ ወይም በዴስሞስ የናቹራል ሎጋሪዝምን ግራፍ ሥሉ። ወደ ቀኝ በራቃችሁ ቁጥር ኩርባው የተኛ ይመስላል፤ ኤክስ 1,000 ሲሆን ከፍታው 6.9 ገደማ፣ ኤክስ 1,000,000 ሲሆን ገና 13.8 ገደማ ነው። ሆኖም መውጣቱን አያቆምም፤ የፈለጋችሁትን አግድም መስመር ብትጠሩለት አንድ ቀን ያልፈዋል፤ አግድም አሲምፕቶትም የለውም። የመምህሩ ቀመር ከ3 በኋላ እንዲሁ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በዓይን ሲታይ ሁለቱም ዝግተኞች ናቸው፤ አንዱ መዳረሻ አለው፣ ሌላው የለውም።

ተቃራኒው ስሕተትም ይፈጠራል። (ኤክስ² − 9) ÷ (ኤክስ − 3) የሚለውን ብታስገቡ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ያልተቋረጠ ቀጥታ መስመር ነው፤ (3፣ 6) ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነና ነጥብ ስፋት ስለሌለው አይታይም። ታህቱ 0 ስለሆነ ብቻ አሲምፕቶት አለ የሚል ሰው እዚህ ይሰናከላል፤ ላዕሉም አብሮ 0 ስለሚሆን ተጣፍቶ ኤክስ + 3 ይቀራል። አንዳንድ የቆዩ የግራፍ ካልኩሌተሮች ደግሞ የሚያሰሏቸውን ነጥቦች በመስመር ስለሚያያይዙ፣ አሲምፕቶት ባለበት ቦታ ከታች እስከ ላይ የሚወጣ የሌለ መስመር ይሥላሉ። ያ መስመር የግራፉ አካል አይደለም።


በጣና ላይ ጀልባ የሚነዳ

የሚነገረው ሁሉ በሥራዬ ላይ ስለሚገጥመኝ ጣልቃ ብገባ አትቆጡኝ። ጎብኚዎችን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት አመላልሳለሁ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ ልውሰድና፣ የጀልባው ኪራይ ተሳፋሪው ብዙም ሆነ ጥቂት 3,000 ብር ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ደግሞ ለገዳሙ መግቢያ 100 ብር ይከፍላል እንበል። ተሳፋሪዎቹ ኤን ከሆኑ የአንዱ ሰው ወጪ 100 + 3,000 ÷ ኤን ብር ይሆናል። 5 ሰዎች ከሆኑ 700 ብር፣ 10 ከሆኑ 400 ብር፣ 15 ከሆኑ 300 ብር፣ 30 ከሆኑ 200 ብር ይደርስባቸዋል። ከ5 ወደ 10 ሲያድጉ እያንዳንዱ 300 ብር ያተርፋል፤ ከ25 ወደ 30 ሲያድጉ ግን ትርፉ 20 ብር ብቻ ነው። ጎብኚው «ሰው ስንጨምር ዋጋው እስከ ስንት ይወርዳል?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው 100 ብርን ጠርቼ ነው፤ ከዚያ በታች እንደማይወርድ ብቻ ሳይሆን እዚያም እንደማይደርስ አውቃለሁ። አግድም አሲምፕቶት የምትሉት ይህ ይመስለኛል፤ ልክ ነኝን?


ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር

ወንድሜ፣ ልክ ነዎት፤ ምሳሌው ጥሩ ከመሆኑ የተነሣ ጥቂት ልቆይበት። 3,000 ÷ ኤን መቼም 0 ስለማይሆን እርስዎ ዘንድ ኩርባው መስመሩን አይነካውም፤ ይህ ግን የዚህ ፈንክሽን ጠባይ ነው፤ የአሲምፕቶት ሕግ አይደለም። በተጨማሪም ተሳፋሪ ግማሽ ስለማይሆን የእርስዎ ግራፍ የተነጣጠሉ ነጥቦች እንጂ የተያያዘ ኩርባ አይደለም። ኤን ያለ ገደብ ሲያድግ ሊሚቱ 100 ነው ማለት ለነጥቦችም ይሠራል፤ ኤን ወደ 5 ሲጠጋ ብሎ መጠየቅ ግን ትርጉም አይኖረውም፤ በ4 እና በ5 መካከል የሚጠጋ ተሳፋሪ የለምና። ቀመሩ ኤን = 0 ላይ ቁም አሲምፕቶት፣ ማለትም ኩርባው በአጠገቡ ያለ ገደብ የሚወጣበት ወይም የሚወርድበት የቆመ መስመር፣ አለው፤ የጀልባው ሥራ ግን የለውም፤ የመጨረሻው ውድ ዋጋ አንድ ሰው ብቻውን ሲሳፈር የሚከፍለው 3,100 ብር ነው። ወደ ኢንፊኒቲም ቢሆን የሚሄድ ጀልባ የለም፤ ከሚይዘው ሰው በላይ ቢጭኑ ኪራዩም ይለወጣል፣ አደጋም አለው። አሲምፕቶቱ የሚነግረን በሚፈቀደው ክልል ውስጥ ዋጋው ወዴት እንደሚያዘነብል ነው።

ለተማሪዎቹ ግን አንድ ነገር ላክል። ሁለቱን ዳርቻዎች ለየብቻ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በቀኝ ያገኛችሁትን ወደ ግራ አትቅዱት። ኤክስ ÷ √(ኤክስ² + 1) የሚለው ፈንክሽን በቀኝ ዳርቻ ወደ 1፣ በግራ ዳርቻ ወደ −1 ስለሚጠጋ ሁለት አግድም አሲምፕቶቶች አሉት። ለአንድ ፈንክሽን ከሁለት በላይ አግድም አሲምፕቶት ሊኖረው አይችልም፤ ዳርቻዎቹ ሁለት ብቻ ናቸውና። ቁም አሲምፕቶቶች ግን የፈለጉትን ያህል ሊበዙ ይችላሉ፤ የታንጀንት ግራፍ ማለቂያ የሌለው ብዛት አለው። ኩርባው ወደ ተጋደመ ሳይሆን ወደ ዘነበለ መስመር የሚጠጋበት ጊዜም አለ፤ (ኤክስ² + 1) ÷ ኤክስ ሲካፈል ኤክስ + 1 ÷ ኤክስ ስለሚሆን ከሩቅ ሲታይ ዋይ = ኤክስን ይከተላል፤ እዚህ ግን ዳርቻው ላይ ያለው ሊሚት ቁጥር ስላልሆነ ከሌሎቹ ጋር አታደባልቁት።


የሽምብጧ ተማሪ፣ ባሕር ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጓደኞቼም አንብበውታል። አንድ ጥያቄ ቀርቶናል። አግድም አሲምፕቶትን ማቋረጥ የሚቻል ከሆነ ቁም አሲምፕቶትንስ ማቋረጥ ይቻላል ወይ? ደግሞስ ኩርባው በአንድ ወገን ብቻ ቢወርድ ወይም ቢወጣ፣ በሌላው ወገን ግን ወደ ተራ ቁጥር ቢጠጋ መስመሩ ምን ተብሎ ይጠራል?


ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር

ልጄ፣ ፈንክሽን ለአንድ ኤክስ ከአንድ ዋይ በላይ ስለማይሰጥ፣ በአንድ የቆመ መስመር ላይ ቢበዛ አንድ ነጥብ ብቻ ሊኖረው ይችላል። በእኛ ፈንክሽን ላይ ኤፍ(−1) = 4 ብዬ ብደነግግ (−1፣ 4) ላይ ብቸኛ ነጥብ ይቀመጣል፤ በዙሪያው ያለው ኩርባ ግን አሁንም ወደ −∞ ስለሚወርድ ኤክስ = −1 አሲምፕቶትነቱን አያጣም። ኩርባው መስመሩን አልፎ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሊሻገር ግን አይችልም፤ ሳይቋረጥ ቢሻገር ኖሮ በዚያ ቦታ ሊሚቱ ቁጥር በሆነ ነበር።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ከሁለቱ ወገኖች በአንዱ ብቻ ወደ +∞ ወይም ወደ −∞ መሄዱ ይበቃል። 2ን በ1 ÷ ኤክስ ፓወር አድርገሽ ሞክሪው። ኤክስ = 0.1 ሲሆን 2 በ10 ፓወር፣ ማለትም 1,024 ነው፤ ኤክስ = −0.1 ሲሆን ደግሞ 1 ÷ 1,024 ነው። ከቀኝ በኩል ያለው ሊሚት +∞፣ ከግራ በኩል ያለው ሊሚት 0 ሲሆን፣ ኤክስ = 0 ቁም አሲምፕቶት ነው። ግራፉን ስትሥዪ በግራ በኩል ያለውን ኩርባ (0፣ 0) ላይ በባዶ ክብ ጨርሺው፤ በሁለቱም ዳርቻዎች ደግሞ 1 ÷ ኤክስ ወደ 0 ስለሚጠጋ ኩርባው በቀኝ ከላይ፣ በግራ ከታች ሆኖ ወደ ዋይ = 1 እንዲሄድ አድርጊ።